ያልተነካ ቡድን

ጥርስ ሠሪው ሰውን የሚያውቀው በአፉ ነበር፤ ፊቱን ግን አያውቀውም። ፎቅ ላይ ያለችው የጥርስ ሐኪም የታካሚዎቿን ድድ ልክ ወስዳ ወደ ምድር ቤት ትልክለታለች። እሱ ጅብሰም አፍስሶ መንጋጋውን ያወጣል፣ በሰም ይደለድላል፣ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ይተክላል፣ ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል፣ መልሶ ወደ ላይ ይልካል። የማን አፍ እንደሆነ የሚነግረው ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ብቻ ነው። አንዳንዴ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ፈገግ ሲሉ ያይና «እነዚህስ የኔ ሳይሆኑ አይቀሩም» ብሎ እርምጃውን ቀነስ ያደርጋል። ሽማግሌው ግን አፋቸውን ገጥመው ያልፋሉ። እሱም መንገዱን ይቀጥላል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱም ከምድር ቤቱ ብዙ አይለይም ነበር። አንድ ልጁ አግብታ ሌላ ከተማ ገብታለች፤ ማልዶ አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚደርስበት ከተማ ነው። ከሥራ ገብቶ መብራት ሲያበራ፣ ጠዋት ውሃ የጠጣበት ብርጭቆ እዚያው የተወበት ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ሆዱን ያባባው ነበር። ኋላ ለመደው፤ ወይም የለመደው መሰለው።

መድኃኒት ሆኖ ያገኘው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው። አስፋልት ዳር ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው የገዛው፣ ሽፋኑ የተላቀቀ፣ ስለ ጥንት ስቶይኮች የሚያወራ መጽሐፍ። ስቶይኮች ከብዙ ዘመን በፊት የነበሩ ፈላስፎች ናቸው፤ እሱ ከትምህርታቸው የያዘው በአጭሩ እንዲህ የሚለውን ነው፦ የዓለም ነገር ሁሉ ሁለት ነው፤ በእጃችን ያለና በእጃችን የሌለ። ሐሳባችን፣ ምርጫችን፣ ጥረታችን በእጃችን ነው። ዝናቡ፣ በሽታው፣ የሰው ምላስ፣ ሞት በእጃችን አይደለም። አስተዋይ ሰው በመጀመሪያው ይተጋል፤ በሁለተኛው አንጀቱን አያቃጥልም።

ጥርስ ሠሪው ይህን ትምህርት ሥራ ላይ ያዋለው ማንም በማይገምተው ቦታ ነበር፤ በፋንታሲ።

ፋንታሲ በስልክ የሚጫወቱት የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ሰው ከታላቁ ሊግ ተጫዋቾች መካከል መርጦ የራሱን ቡድን ይሠራል። የመረጣቸው ሰዎች በእውነተኛው ሜዳ ጎል ሲያገቡ እሱ ነጥብ ያገኛል፤ ቢጫ ሲያዩ ይቆረጥበታል። አንዱን ካፒቴን ያደርገዋል፤ የካፒቴን ነጥብ እጥፍ ነው። በየሳምንቱ አንድ ተጫዋች አስወጥቶ ሌላ ማስገባት ይችላል፤ ይህን መብቱን ካልተጠቀመበት እስከ አምስት ይጠራቀምለታል። የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ግን በሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ማንንም መንካት የለም።

እሱን የማረከው ይህ የሚዘጋው በር ነበር። በሩ እስኪዘጋ ሁሉም በእጅህ ነው፤ ከተዘጋ በኋላ ምንም በእጅህ አይደለም። ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ጅብሰሙ እስኪደርቅ ቁጭ ብሎ ቡድኑን ያስተካክላል። ቀጥሎ፣ መጽሐፉ እንደሚያዝዘው፣ ክፉ ክፉውን አስቀድሞ ያስባል፤ ካፒቴኔ ፍጹም ቅጣት ምት ቢስት፣ ግብ ጠባቂዬ በቀይ ቢወጣ፣ አማካዬ ልምምድ ላይ ጉልበቱን ቢታመም። በሩ ሲዘጋ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ጨዋታ አያይም። ሰኞ ነጥቡን የሚያነበው ሰው የአየር ጠባይ ዜና እንደሚያነብ ሆኖ ነው።

የቤተሰቡ ሊግ አራት ሰው ነበረበት፤ እሱ፣ ልጁ፣ ከምድር ቤቱ ጎን ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊና የሟች ሚስቱ ወንድም። የሚስቱ ወንድም የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። በጉብዝናው ጊዜ የሰፈር ጨዋታ ይዳኝ ስለነበር ዛሬም ድረስ ሰው ሁሉ «ፊሽካ» ይለዋል። እንደ ስሙም ጯሂ ነው። ተማሪዎቹን አድርሶ ሲመለስ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ሆኖ ገና ሳይገባ ይጀምራል።

«አንተ ሰውዬ! ካፒቴንህ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ እኮ!»

«ነጥቡን አየሁ።»

«አየሁ? በቃ አየሁ? እኔም እሱኑ ካፒቴን አድርጌ ሪሞቱን ግድግዳ ላይ ፈጠፈጥኩት!»

«ሪሞቱ ምን አጠፋ?»

«ይኸው! ይኸው አነጋገርህ ነው የሚያሳብደኝ። ደም የለህም እንዴ?»

«ኳሷን የሚመታት እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። የኔ ፋንታ መምረጥ ነበር፤ አስቤ መረጥኩ። ጨረስኩ።»

ፊሽካ ከተደረደሩት የጅብሰም መንጋጋዎች አንዱን አንስቶ ያፋጨዋል። «እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ትዕግሥተኛ ነበረች። ከዚህ ሰውዬ ጋር እኮ ነው ስንት ዓመት የኖረችው» ይለዋል መንጋጋውን። መንጋጋውም ቀጭ ቀጭ ብሎ ይመልስለታል።

ሊጉ አንድ ልማድ ነበረው። በሳምንቱ ነጥብ የመጨረሻ የወጣ ሰው አንደኛ ለወጣው ውዳሴ ይጽፋል፤ ሰኞ በጋራ መልእክት መለዋወጫቸው ላይ ይለቀቃል። ልማዱን ያመጣችው ልጁ ናት፤ ውዳሴም እንደ እሷ የሚያውቅበት የለም። «የነጥብ ጎተራ፣ የሪሞት ጠላት፣ የተሳፋሪ ሕፃናት ጆሮ አደንቋሪ፣ አጎቴ ፊሽካ ሆይ!» ብላ ስትጀምር ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ ይስቃል። አባቷ ተራ ሲደርሰው የሚጽፈው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ። ውጤቱ በእጃችን አይደለም።»

«አባዬ፣ ይሄ ውዳሴ ነው የሐዘን መግለጫ?» ትለዋለች።

«እውነቱ ነው።»

«ኧረ አንድ ቀን እንኳ ተናደድልኝ! አሸንፌህ እኮ ነው። ሰድበኝ!»

እሱ በዚህ ይኮራ ነበር። የሟች ሚስቱ ድምፅ ከቤቱ ከጠፋ ወዲህ በየሳምንቱ ሳይቀር የሚመጣለት የሰው ድምፅ ይኸው የልጁ ሽሙጥ መሆኑን ግን ለራሱም አልነገረውም። ሰኞ ጠዋት ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ለምን እንደሚነቃ ቢጠየቅ፣ ሥራ ስለሚበዛ ነው ይል ነበር።

በጋው ገብቶ ሊጉ ሲጋመስ ግን የልጁ ቡድን ቆመ። አንድ ሳምንት ማንንም አልለወጠችም፤ በሚቀጥለውም አልለወጠችም፤ በሦስተኛውም። ነጥቧ ወርዶ ወርዶ መጨረሻ ሆነች። ውዳሴም አልጻፈችም። ልብስ ሰፊው «ልጂት ኩርፊያ ላይ ናት መሰል» አለ። ጥርስ ሠሪው ግን ነገሩን የተረዳው በሌላ መንገድ ነበር።

«ዝውውሯን እያጠራቀመች ነው» አለ። «ሁላችሁም በየሳምንቱ ጎል ያገባውን ሁሉ ስታሳድዱ እሷ ትጠብቃለች። አንድ ቀን አምስቱን በአንዴ ትለውጥና ታያላችሁ።»

ይህን ሲያምን ደስ አለው። ልጁ በመጨረሻ ነገሩ ገብቷታል ማለት ነው። ለብቻዋም ጻፈላት፦ «ጎበዝ ልጄ። ትዕግሥትሽን እያየሁት ነው።» አልመለሰችም። ይህንንም በበጎ ተረጎመው፤ የበሰለ ሰው ሙገሳ አያሳድድም።

ትዕግሥቷ ከየት እንደመጣ እንኳ የሚያውቅ መስሎት ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደውላለት ነበር። ብዙ ጊዜ የምትጽፍ እንጂ የምትደውል አልነበረችም።

«አባዬ፣ እኔና እሱ ተለያየን» አለችው። «ትናንት ዕቃውን ወሰደ።»

እሱ ድምፁን አስተካክሎ የሚያውቀውን ነገራት። የሌላ ሰው ልብ በእጅሽ አይደለም አላት። መሄዱ በእጅሽ አይደለም። በእጅሽ ያለው ነገሩን የምትቀበይበት መንገድ ነው። እሷም ሰማችው። «ልክ ነህ አባዬ» አለችው። ከዚያ እሱ የግድግዳውን ሰዓት አየና፣ በሩ ሊዘጋ ደርሶ ስለነበር፣ «ቡድንሽን አስተካክለሻል ወይ?» አላት። «አስተካክላለሁ» ብላ ዘጋች።

በደንብ ተነጋገሩ። ለፊሽካም እንደዚያው ነው የነገረው። «መከርኳት፤ ተረጋጋች።»

«ሄደህ አየሃት?»

«ሄጄ ምን ልፈይድ? የሰው ትዳር በእጄ አይደለም።»

ፊሽካ ያነሳውን የጅብሰም መንጋጋ ሳያፋጨው ቦታው መለሰው። ለእሱ ይህ ከባድ ነገር ነው።

ነገሩ የተገለጠው አንድ ሐሙስ ነው። ፊሽካ ባዶ አውቶቡሱን በር ላይ አቁሞ ወረደና አጎንብሶ የሚሞርደውን ጥርስ ሠሪ ትከሻ ነካ አደረገው። በዚያ ቀን አልጮኸም።

«ስማ እስቲ፣ የልጅቷን ካፒቴን አይተኸዋል?»

«ማንን አድርጋለች?»

«ያንን ረጅሙን አጥቂ።»

ጥርስ ሠሪው ሞረዱን አስቀመጠ። «የቱን ረጅም?»

«ስንት ረጅም አለ? እግሩን የሰበረውን ነዋ! በቃሬዛ የወጣውን። ሰው ሁሉ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ያየውን!»

«ምክትሉስ? ካፒቴን ካልገባ የምክትሉ ነጥብ ነው እኮ እጥፍ የሚሆነው።»

«ምክትሉማ ተሽጦ ከአገር ወጣ። እሱ አሁን ሌላ ሊግ ላይ ነው። ይሄን ነው ትዕግሥት የምትለኝ? እኔ ሹፌር ነኝ፣ ፍልስፍና አላውቅም፤ መሪው ላይ ሰው እንደሌለ ግን ከሩቅ አውቃለሁ።»

ፊሽካ ከሄደ በኋላ ጥርስ ሠሪው እጁ ላይ ያለውን ብናኝ በሽርጡ ጠርጎ ስልኩን ከፈተ። የልጁ ቡድን እንደ ቆመ ነው። ከአጥቂው ስም አጠገብ ቀይ ምልክት ተደርጓል፤ ከአማካዩም፣ ከግራ ተከላካዩም። ከግማሽ የሚበልጡት የማይጫወቱ ሰዎች ናቸው። እሱ ነጥቧን ሲያነብ እንጂ ቡድኗን ከፍቶ አይቶ አያውቅም ነበር። የሌላ ሰው ምርጫ በእጁ ስላልሆነ።

ትዕግሥተኛ ሰው ዝውውሩን ያጠራቅማል። እሺ። ካፒቴን መለወጥ ግን ዝውውር አይፈጅም። ምንም አይፈጅም። አውራ ጣትን ስሙ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰው ካፒቴን ሆኖ ለሳምንታት የሚቀመጠው የሚያየው ሰው ሲጠፋ ብቻ ነው። ልጁ እያጠራቀመች አልነበረም። ልጁ እዚያ አልነበረችም።

ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ቆመ። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ጻፈላት፦ «እናቴ፣ ደህና ነሽ?» አመሻሹ ላይ መልስ መጣ። «ደህና ነኝ አባዬ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቆሞ መልእክቱን ደጋግሞ አነበበው። እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር። ጠይቋል፤ ደህና ነኝ ብላለች፤ የእሱ ፋንታ አልቋል። ቀድሞ ቢሆን ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። ነገር ግን ልጁን ያውቃታል። በሠርጓ ሳምንት፣ ቀሚስ እየተለካላት፣ ሰፊዋ መርፌ ይዛ «ዝም በይ፣ አትንቀሳቀሽ» እያለቻት፣ በአንድ እጇ ካፒቴን የለወጠች ልጅ ናት። የእናቷ ተዝካር ሰሞን እንኳ ቡድኗን አልረሳችም። ሥራ የሚባል ነገር ይህችን ልጅ አያስረሳትም።

በማግስቱ ፎቅ ወጣ። ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«ዶክተር፣ ነገ አልገባም።»

«ምነው፣ አመመህ?»

«የለም። ልጄን ልጠይቃት ነው።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። «ልጅ አለህ እንዴ?»

ከእሷ ጋር ብዙ ዓመት ሠርቷል። «አለችኝ» አለ፤ ወደ ደረጃውም ተመለሰ።

ቅዳሜ ማልዶ አውቶቡስ ተሳፈረ። መጽሐፉን ይዞ ነበር፤ መንገዱ ረጅም ስለሆነ። ብዙ ጊዜ ያነበባቸው ገጾች በጅብሰም ጣት ነጥተዋል። ወደ መጨረሻው ያሉት ግን ንጹሕ ነበሩ። እነዚያ ገጾች ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ሰው አባት ከሆነ ምን እንደሚጠበቅበት፣ ወንድም ከሆነ፣ ጎረቤት ከሆነ። ፈላስፎቹ ይህንንም በእጃችን ካለው ወገን ነበር የቆጠሩት። እሱ ግን ለኳስ ስለማይጠቅም በፍጥነት አልፎት ነበር። አሁን ሊያነበው ሞከረ፤ አውቶቡሱ ፊደሉን ሁሉ አናወጠበትና ዘጋው። በመስኮት ሲያይ ሰዎች በር ላይ ሲጠርጉ፣ ልብስ ሲያሰጡ፣ በአጥር ላይ ሲያወሩ ይታያሉ። አንዳቸውም ወደ አውቶቡሱ አላዩም።

ሲደርስ አንድ ነገር ተገነዘበ፤ የልጁን ቤት አያውቀውም። ከባሏ ጋር የነበረችበትን አንድ ጊዜ አይቶታል፤ ከዚያ መልቀቋን ግን ባሏ በሄደ ሰሞን በአጭሩ ጽፋለት፣ የት እንደሆነ አልጠየቃትም። የምትሠራበት የመድኃኒት መጋዘን ሄዶ ጥበቃውን ለመነ። ጥበቃው ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ምኗ ነህ?»

«አባቷ።»

«ታዲያ አባት ሆነህ ቤቷን ከኔ ትጠይቃለህ?»

ጥበቃው ምን እንዳየበት እንጃ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዋን ጠርቶ አቅጣጫውን አስነገረለት። በመንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ፊሽካ ነው። «ቡድንህን አልነካህም! በሩ ሊዘጋ ነው!» ስልኩን ኪሱ ከተተና ቀለሙ የተነገረውን በር መፈለጉን ቀጠለ።

የከፈተችው ራሷ ናት። ከስታለች። ፀጉሯን በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንድ እግሯ ካልሲ አጥልቆ ሌላው ባዶ ነበር።

«አባዬ! ምን ሆንክ? አጎቴ ደህና ነው?»

«ሁሉም ደህና ነው። ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ?»

በመንገዱ ሁሉ ሲያዘጋጀው የነበረው ነገር ጠፋበት። «ቡድንሽን አየሁት» አለ።

ለጊዜው አልገባትም። ሲገባት ሳቅ አመለጣት፤ ግን ሳቁ መሐል ላይ ተቀጨ።

«ቡድኔን?»

«ካፒቴንሽ... እግሩ ተሰብሯል።»

«ግባ» አለች።

ክፍሉ አንድ ነው። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፤ የድሮ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ካርቶኖቹ ከዕቃ ማመላለሻው የወረዱበት ቀን እንደተደረደሩ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ተከፍቶ ድስትና ልብስ አንድ ላይ ይታይበታል። ወንበሩን ለእሱ ሰጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ደህና ነኝ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል።»

«እና አላመንከኝም። ያንን ሰውዬ ነው ያመንከው። እግሩ ባይሰበር ኖሮ አትመጣም ነበር ማለት ነው።»

ለዚህ መልስ የሚሆን ብዙ ነገር ያውቅ ነበር። ምክንያቶች አሉት፤ ሁሉም በሥርዓት የተሰደሩ ናቸው። ልጁን አየና አንዱንም አላነሳውም።

«አዎ» አለ። «አልመጣም ነበር።»

እንዲህ ይላል ብላ አልጠበቀችም። ባዶ እግሯን ከሌላው ስር ሸጎጠችው።

«ያን ቀን ስደውልልህ ያልከኝን ታስታውሳለህ?»

«ቡድንሽን አስተካክለሻል ወይ ብዬ ጠየቅሁሽ።»

«ከዚያ በፊት።»

«በእጅሽ ያልሆነውን ተይው አልኩሽ።»

«ልክ ነበርክ እኮ። ያበሳጨኝ እሱ ነው። ብዙ ቀን አሰብኩት፤ ስህተት ፈለግሁበት፤ የለውም። ግን አባዬ፣ እኔ የደወልኩት ልክ የሆነ ሰው ፈልጌ አልነበረም።» ያጠለቀችውን ካልሲ ጎተት አደረገች። «እማዬ ስትሞትም እንደዚሁ ነበርክ። ሰው ሁሉ "አባትሽ እንዴት ያለ ጠንካራ ነው" ይለኝ ነበር። እኔ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። ላንተ አፍሬ ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት።»

ከጎን ካለው ክፍል የቴሌቪዥን ድምፅ ይመጣል፤ ጨዋታ ተጀምሯል። ሰው ሲጮኽ፣ ደግሞ «ኤጭ!» ሲል ይሰማል። ጥርስ ሠሪው እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። የጥፍሮቹ ዙሪያ ቢታጠብም የማይለቅ ነጭ ነገር ነበረበት።

«ያንን መጽሐፍ የገዛሁት ጠንክሬ አይደለም» አለ።

ቀና አለች።

«ካልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር። ጠዋት ጠዋት። እግሬን መሬት አሳርፍና መልሼ እተኛለሁ። ዶክተሯ ጥርስ ልካ ትጠብቃለች፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ። አንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ የምገዛው ነገር ጠፋኝ፤ እዚያ ዳር መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬ "ምን ልርዳህ አባት?" ሲለኝ አፈርኩና ያገኘሁትን አነሳሁ። ከዚያ እንደ ከዘራ ያዝኩት። መነሳት ቻልኩ። ስነሳ ደግሞ... ሰው የለመደውን ከዘራ ሜዳ ላይም አይጥልም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አንቺም እናት ሞቶብሻል።»

እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ በቀስታ ሳይሆን እንደ ሕፃን፣ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች። እሱ ከወንበሩ ተነስቶ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ቆመ። ሊናገር አፉን ሲከፍት እጇን ዘረጋችበት።

«አሁን ምንም እንዳትለኝ። እሺ? ምንም።»

ምንም አላለም። አጠገቧ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ይህን ያህል የከበደው ነገር አልነበረም። እሷ ታወራለች፤ ባሏ እንዴት እንደሄደ፣ ድንች እየላጠች እያለ እንደነገራት፣ ድንቹን ልጣ እንደጨረሰችና ለሁለት ሰው እንደቀቀለች። ሥራ ቦታ ማንም እንዳያውቅ ቀለበቷን ጣቷ ላይ እንዳቆየችው። አንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ነገረችው። በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ምላሱ ጫፍ ድረስ የሚመጣ መልካም ምክር ነበረው፤ እየመጣ ዋጠው። ከጎን ያለው ሰውዬ ጎል ገብቶለት ግድግዳውን ሲደበድብ እንኳ ሁለቱም ማን እንዳገባ አልጠየቁም።

እሱ አልጋው ላይ፣ እሷ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተኙ። «አንቺ ነሽ አልጋ ላይ የምትተኚ» ብሎ ተከራክሮ ተሸነፈ። በነጋታው ካርቶኖቹን ሊፈታላት ፈልጎ ነበር፤ «ተወው፣ ራሴ እፈታዋለሁ» አለችው። ተወው። ወደ መናኸሪያው አብራው ሄደች። በመንገድ ላይ ብዙም አላወሩም፤ ነገሩ የተሻለም የባሰም አይመስልም ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ ሊስማት ሲጎነበስ ከንፈሩ ጉንጯ ሳይሆን ጆሮዋ ላይ አረፈ፤ ከእንግዲህ መሳምንም መልመድ አለበት።

«አጎቴ ሊጉን ልቀቂ ወይ ተጫወቺ ቢለኝ ለቃለች በለው» አለችው። «ለጊዜው አልችልም።»

«እሺ።»

«አትከራከርም?»

«አልከራከርም።» ትንሽ ቆሞ ጨመረ። «ሰኞ ሰኞ ግን ይከብደኛል።»

ፊቱን ዘለግ ላለ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ በፊት አይታው እንደማታውቅ ሁሉ። «ስትደርስ ደውል» አለች።

ቤቱ ገብቶ መብራቱን አበራ። ጫማውን ሳያወልቅ ደወለ። አልተነሳም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ደግሞ ደወለ፤ አልተነሳም። ግድግዳው ጸጥ ብሏል፤ በመንገዱ የሚያልፍ መኪና ብርሃኑን ጣሪያው ላይ ጎትቶ ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ።

«ደረስክ?» አለች።

«ደረስኩ። ምን እየሠራሽ ነው?»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ። እጄ ተይዞ ነው።»

«በይ ቀጥይ፤ ስልኩን አስቀምጪውና ቀጥይ። እኔ ምንም አላወራም።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ስታኖረው ኳ አለ። ከዚያ የቢላዋው ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ ኋላ ፈጠን እያለ። ጥርስ ሠሪው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ካፖርቱን እንደለበሰ፣ ይሰማ ጀመር።